ከተራራው ማንዶሊን እስከ ናሽቪል፦ ሪኪ ስካግስ ብሉግራስንና ካንትሪን ያገናኘበት መንገድ

ብሉግራስ እና ካንትሪ ተብለው የሚጠሩት ሁለት የአሜሪካ የሙዚቃ ዘርፎች ከአንድ ምንጭ የተቀዱና ለረጅም ጊዜም በአንድ መድረክ ጎን ለጎን የተሰሙ ቢሆኑም፣ ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ በመሣሪያ ምርጫ፣ በገበያና በአድማጭ እየተለያዩ ሄደው፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ አንዱ ለሌላው ባዕድ እስከ መሆን ደርሰው ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱን መልሰው ካገናኙት ሙዚቀኞች መካከል ለኬንታኪው ተወላጅ ለሪኪ ስካግስ የተለየ ስፍራ የሚሰጠው፣ ከሁለቱም እየቆነጠረ አዲስ ነገር ስለ ቀመመ ሳይሆን፣ ከነባሩ ሙዚቃ ውስጥ የትኛው ሊለወጥ እንደሚችልና የትኛው ሊነካ እንደማይገባው ጠንቅቆ ያውቅ ስለነበር ነው። ይህን ዕውቀት ያገኘው ደግሞ ከትምህርት ቤት ሳይሆን፣ የሙዚቃው መሥራቾች በሕይወት ሳሉ በእነርሱው እግር ሥር ተቀምጦ ነው።

ካንትሪ የሚባለው ሙዚቃ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በተለይም አፓላቺያ በተሰኘው ሰንሰለታማ ተራራ አካባቢ፣ ከብሪታንያና ከአየርላንድ የሄዱ ሰፋሪዎች ይዘዋቸው ከተሻገሩት የትረካ ዘፈኖች፣ ከጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝና ከቤተ ክርስቲያን መዝሙሮች ውሕደት የተፈጠረ ነው። ከጭፈራ ቤትና ከደጃፍ ወጥቶ በሰፊው ለገበያ የቀረበበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ1927 የበጋ ወራት ጋር ይያያዛል፤ በዚያ በጋ ራልፍ ፒር የተባለ የቀረጻ ባለሙያ በቴነሲና በቨርጂኒያ ድንበር ላይ በምትገኘው ብሪስቶል ከተማ ጊዜያዊ ስቱዲዮ ከፍቶ የካርተር ቤተሰብንና ጂሚ ሮጀርስን በሸክላ ቀረጸ። ከዚያ በኋላ ሙዚቃውን ለሚሊዮኖች ያደረሰው ሬዲዮ ሲሆን፣ ከ1925 ጀምሮ ከናሽቪል ሲተላለፍ የኖረውና በኋላ ግራንድ ኦል ኦፕሪ የተባለው የቅዳሜ ምሽት ዝግጅት እስከ ዛሬ አልተቋረጠም፤ በዚያ መድረክ በአባልነት መመዝገብም ለአንድ የካንትሪ ዘፋኝ እንደ ማዕረግ ይቆጠራል።

ብሉግራስ ከዚሁ ግንድ የወጣ ቅርንጫፍ ቢሆንም፣ እንደ ሌሎች የሕዝብ ሙዚቃዎች ባለቤቱ ያልታወቀ ሳይሆን ፈጣሪው በስም የሚጠራ መሆኑ ልዩ ያደርገዋል። በ1911 በምዕራብ ኬንታኪ ሮዚን በተባለች መንደር የተወለደው ቢል ሞንሮ ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ፣ ፊድል በሚጫወት አጎቱ በፔን ቫንዲቨር ቤት ያደገ ሲሆን፣ በ1939 ብሉ ግራስ ቦይስ የተሰኘ ባንዱን ይዞ የኦፕሪ አባል ሆነ። የዘርፉ መጠሪያ ከዚህ ባንድ ስም የተወሰደ ነው። ሆኖም ዛሬ ብሉግራስ ተብሎ የሚታወቀው ድምፅ ሙሉ የሆነው በ1945 ማብቂያ ላይ ኧርል ስክራግስ የተባለ የሰሜን ካሮላይና ወጣት ባንጆውን ይዞ ባንዱን ሲቀላቀል ነበር፤ ከእርሱ ጋር ሌስተር ፍላት በጊታር፣ ቸቢ ዋይዝ በፊድል፣ ሃዋርድ ዋትስ በቤዝ የቆሙበት ያ ስብስብ እስከ 1948 ድረስ የቀረጻቸው ሸክላዎች ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ መለኪያ ሆነው ቀሩ።

ስለ ስካግስ ሥራ ለመናገር ይህ ሙዚቃ እንዴት እንደሚሠራ በቅርበት ማየት ያስፈልጋል። የብሉግራስ ባንድ ድራም የለውም፤ መሣሪያዎቹም ሁሉ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠሩ ናቸው። ፊድል የሚባለው መሣሪያ ከቫዮሊን የማይለይ ሆኖ ልዩነቱ በአጨዋወቱ ላይ ነው። ማንዶሊን ደግሞ እንደ ቫዮሊን የተቃኙ፣ ሁለት ሁለት ሆነው በአራት ጥንድ የተደረደሩ ስምንት የብረት ክሮች ያሉት ትንሽ መሣሪያ ሲሆን፣ ዜማ በማይጫወትበት ጊዜ የከበሮን ሥራ ይሠራል። ቤዙ አንደኛውንና ሦስተኛውን ምት ሲመታ፣ የማንዶሊኑ ተጫዋች ሁለተኛውንና አራተኛውን ምት ጠብቆ ክሮቹን በአንድ ጊዜ ይገርፋል፤ በክሮቹ ላይ የነበሩት የግራ እጁ ጣቶች ወዲያውኑ ስለሚላሉም ድምፁ ሳይርገበገብ እንደ ተቆረጠ ይቀራል። ለጆሮ የሚደርሰው ዜማ ሳይሆን «ቻክ» የሚል ደረቅ ምት ነው። በዚህ ምት ላይ ባለ አምስት ክሩ ባንጆ በአውራ ጣት፣ በአመልካች ጣትና በመሃል ጣት ላይ በተሰኩ ሦስት መምቻዎች እየተፈራረቀ ሲነዘር፣ ድምፁ ያለ ማቋረጥ እንደሚወርድ ውሃ ይንቆረቆራል። ዘፈኑን ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች በአንድነት ያዜሙታል፤ አንዱ ዋናውን ዜማ ይይዛል፣ ሁለተኛው ቴነር ተብሎ ከዋናው በላይ ይወጣል፣ ሦስተኛው ባሪቶን ሆኖ ከሥር ይደግፋል። የብሉግራስ ልብ ያለው በዚህ በላይኛው ድምፅ ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሞንሮ ራሱ ወንድ ልጅ ሊደርስበት ከሚችለው ከፍታ ጫፍ ላይ ሆኖ ሲዘፍን የሚሰማው ስለት ያለው ብቸኝነት፣ ከዚህ ሙዚቃ ላይ ቢነሣ የሚቀረው የጣት ፍጥነት ብቻ ይሆን ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተገቢውን ስፍራ ሳያገኝ የቆየው የጥቁር ሙዚቀኞች ድርሻ ነው። ባንጆ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ከቅልና ከቆዳ ይሠሯቸው ከነበሩ የክር መሣሪያዎች የተገኘ መሣሪያ ሲሆን፣ በጋምቢያና በሴኔጋል የጆላ ሕዝብ ዛሬም የሚጫወትበት አኮንቲንግ ከዘመዶቹ አንዱ ነው። ሞንሮም በልጅነቱ አርኖልድ ሹልትዝ ከተባለ ጥቁር የጊታርና የፊድል ተጫዋች ጋር በጭፈራ ምሽቶች ላይ እንደ ተጫወተና የብሉዝን ስሜት ከእርሱ እንደ ወረሰ በራሱ አንደበት መስክሯል። ስለዚህ ብሉግራስ ንጹሕና ያልተቀላቀለ የነጮች ተራራ ሙዚቃ ነው የሚለው አስተያየት ከመጀመሪያው የማያስኬድ ነው፤ ሙዚቃው ሲወለድም ድብልቅ ነበር።

ከ1950ዎቹ አጋማሽ በኋላ ሮክ ኤንድ ሮል ወጣቱን አድማጭ ሲወስድ፣ የናሽቪል አሳታሚዎች ገበያቸውን ለማዳን ፊድልንና ባንጆን ከቀረጻ ክፍሎቻቸው እየቀነሱ በምትካቸው የቫዮሊን ኦርኬስትራና የኅብረት ድምፅ አጃቢዎችን አስገቡ። ናሽቪል ሳውንድ የተባለውና በተለይ ከአቀናባሪዎቹ ከቼት አትኪንስና ከኦወን ብራድሊ ስም ጋር የተያያዘው ይህ ለስላሳ አሠራር ድንቅ ዘፈኖችን አፍርቷል፤ ነገር ግን የተራራውን ድምፅ ከሬዲዮ አስወጣው። ብሉግራስ በበኩሉ በበጋ ወራት ሜዳ ላይ በሚካሄዱ ፌስቲቫሎችና በትንንሽ አሳታሚዎች ተጠግቶ ሕይወቱን ሲያቆይ፣ አድማጮቹ በመሣሪያ አመራረጥ ረገድ እጅግ ጥብቅ እየሆኑ መጡ። አንዱ ወገን ሌላውን ኋላ ቀር ሲለው፣ ሌላው ደግሞ ያኛውን ሥሩን የካደ ይለው ጀመር።

የተራራው ልጅ

ሪኪ ስካግስ ሐምሌ 18 ቀን 1954 በምሥራቅ ኬንታኪ፣ በሎረንስ አውራጃ፣ ኮርዴል በተባለች የገጠር ቀበሌ ተወለደ። አባቱ ሆበርት በያጅ ሲሆን ጊታር ይጫወት ነበር፤ ከእርሱ ጋር ማንዶሊን ይጫወት የነበረው ወንድሙ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመሞቱ፣ ያ ማንዶሊን አንድ ቀን በልጁ እጅ መልሶ እንዲሰማ ይመኝ ነበር። እናቱ ዶሮቲ ዘፋኝም የዘፈን ደራሲም ነበረች። ልጁ አምስት ዓመት ሲሆነው አባቱ ማንዶሊን ገዝቶ ሦስት ኮርዶችን፣ ማለትም አንድ ላይ ሲመቱ የሚስማሙ የድምፅ ስብስቦችን፣ አሳየውና ለሁለት ሳምንት ያህል ወደ ሥራው ሄደ፤ ሲመለስም ልጁ ኮርዶቹን በትክክለኛው ቦታ እየቀያየረ ሲዘፍን አገኘው።

በ1960 ቢል ሞንሮ በአቅራቢያው ወደምትገኘው ማርታ የተባለች ከተማ ባንዱን ይዞ መጣ። የአካባቢው ሰዎች የስድስት ዓመቱን ልጅ ችሎታ ያውቁ ስለነበር በዝግጅቱ መካከል ትንሹ ስካግስ ይጫወት እያሉ ደጋግመው ጮኹ፤ ሞንሮም ልጁን ወደ መድረክ አወጣውና የራሱን ማንዶሊን አውልቆ ትከሻው ላይ አንጠለጠለለት። ማንጠልጠያው ለትልቅ ሰው የተለካ በመሆኑ መሣሪያው ከልጁ ጉልበት እንዳይደርስ፣ ሞንሮ ማሰሪያውን በማንዶሊኑ አንገት አጠገብ ባለው ጠምዛዛ የእንጨት ጌጥ ላይ ጠቅልሎ አሳጠረው። ልጁም «ሩቢ» የተሰኘውን ዘፈን ተጫወተ። ያ ማንዶሊን ጊብሰን የተባለው ፋብሪካ በ1923 የሠራው፣ የመሣሪያ ቀማሪው የሎይድ ሎር ፊርማ በውስጡ ያለበት፣ ሞንሮ በ1940ዎቹ ፍሎሪዳ ውስጥ በአንድ ፀጉር አስተካካይ ቤት መስኮት ላይ አይቶ በ150 ዶላር ገደማ የገዛው ሲሆን፣ በ1985 አንድ ያልታወቀ ሰው ሞንሮ ቤት ገብቶ በእሳት መቆስቆሻ ብረት ከሰባበረው በኋላ ስንጥሮቹ ተለቅመው በዚያው ፋብሪካ ተጠግኖ ዳግም የተሰማ መሣሪያ ነው። በሰባት ዓመቱ ደግሞ ስካግስ በፍላትና በስክራግስ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርቦ 52 ዶላር ከ50 ሳንቲም ተከፈለው።

በጉርምስናው ከሌላ የምሥራቅ ኬንታኪ ልጅ፣ ከኪት ዊትሊ ጋር ተገናኘ። ሁለቱም የስታንሊ ወንድማማቾችን ዘፈኖች በቃላቸው የያዙ ነበሩ። ራልፍ ስታንሊ፣ ወንድሙ ካርተር በ1966 ከሞተበት በኋላ ባንዱን ብቻውን ይመራ የነበረው የቨርጂኒያ ተራራ ሙዚቀኛ፣ አንድ ምሽት የመኪናው ጎማ ተንፍሶበት ዘግይቶ ዌስት ቨርጂኒያ ወዳለ አንድ መጠጥ ቤት ሲገባ፣ ሕዝቡን እንዲያቆዩ መድረክ ላይ የወጡት ሁለቱ ልጆች ሲዘፍኑ ሰማና ከወንድሙ ጋር ያስቀረጹት ሸክላ የሚጫወት መሰለው። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም የባንዱ አባላት ሆኑ። ስካግስ ቴነሩን ይዞ ከሌላ ሰው ድምፅ ጋር አንድ የመሆንን ጥበብ የተማረው እዚህ ነው፤ በቤተሰብ መካከል ብቻ ይገኛል የሚባለው ያ የድምፅ መጋጠም በትጋት ሊደረስበት እንደሚችልም እነዚህ ሁለት የማይዛመዱ ልጆች አሳይተዋል።

ከስታንሊ ባንድ ከወጣ በኋላ ስካግስ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ሄዶ ለጥቂት ጊዜ በአንድ የኤሌክትሪክ ኃይል ኩባንያ ውስጥ ተቀጠረ። ዛሬ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው የሰሜን ቨርጂኒያና የሜሪላንድ ከተሞች በዚያን ጊዜ ከተራራው ሥራ ፍለጋ የወረዱ ሰዎች መናኸሪያ ስለነበሩ፣ ከናሽቪል ይልቅ የብሉግራስ ዋና ከተማ የሚባለው ይህ አካባቢ ነበር፤ ከአገሩ የራቀ ሰው የአገሩን ሙዚቃ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ዲያስፖራውን የሚያውቅ ሁሉ አያጣውም። ካንትሪ ጀንትልመን የተባለው የዋሽንግተን ባንድ ስካግስን በፊድል ተጫዋችነት ሲወስደው፣ ከተሜ አድማጭ ፊት መቆምንና ከተለመደው ውጪ ያሉ ዘፈኖችን በብሉግራስ መሣሪያ ማቅረብን ተማረ።

ቀጣዩ ምዕራፍ ከሁሉም ይበልጥ ትኩረት ይሻል። በኬንታኪዋ ሌክሲንግተን የባንጆ ተጫዋቹ ጄ. ዲ. ክሮው ኒው ሳውዝ የተሰኘ ባንዱን ይመራ ነበር፤ ባንዱም በዘመኑ ነፋስ ተወስዶ የኤሌክትሪክ መሣሪያና ድራም ጨምሮ ነበር። በ1974 ስካግስ እንዲቀላቀል ሲጠየቅ፣ ባንዱ ወደ ኤሌክትሪክ አልባው አሠራር ከተመለሰ ብቻ እንደሚገባ ነገራቸው፤ ጥያቄውም ተቀባይነት አገኘ። ጊታሪስቱ ቶኒ ራይስና የዶብሮ ተጫዋቹ ጄሪ ዳግላስ አብረው የቆሙበት ይህ ስብስብ በ1975 ያሳተመው አልበም፣ አድማጮች ከርእሱ ይልቅ በአሳታሚው መለያ ቁጥር ራውንደር 0044 ብለው የሚጠሩትና ዛሬም ወጣት የብሉግራስ ተጫዋቾች ኖታ በኖታ የሚያጠኑት ሥራ ነው (ዶብሮ ማለት አግድም ተይዞ፣ ክሮቹ በብረት ቁራጭ እየተንሸራተቱ የሚጫወት፣ በሆዱ ውስጥ ድምፅ የሚያጎላ ብረት ያለበት ጊታር ነው)። በሃያ ዓመቱ ድራም ይውጣ ብሎ የተከራከረው ይኸው ሰው ከስድስትና ከሰባት ዓመት በኋላ በናሽቪል ስቱዲዮ ድራም ማስገባቱ የአቋም መለዋወጥ የሚመስለው ሊኖር ይችላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም፤ በብሉግራስ ባንድ ውስጥ ድራም የማንዶሊኑን ቦታ ስለሚቀማ ሙዚቃውን ከውስጡ ያፈርሰዋል፣ በካንትሪ ባንድ ውስጥ ግን ድራሙ ቀድሞም የራሱ ቦታ አለው። ስካግስ የሁለቱን ቤቶች ሥርዓት ለየብቻ ያከብር ነበር።

የናሽቪል ዓመታት

ወደ ካንትሪ የተሻገረበት ድልድይ ኤሚሉ ሃሪስ ነበረች። በአላባማ የተወለደችውና የሮክ ትውልድ ጆሮን ወደ ነባሩ ካንትሪ የመለሰችው ይህች ዘፋኝ በ1970ዎቹ መጨረሻ ስካግስን ሆት ባንድ ወደተሰኘው ባንዷ ስታስገባው፣ አንድ ከባድ የካንትሪ ባንድ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ ድራሙ፣ ኤሌክትሪክ ጊታሩና ፔዳል ስቲሉ እንዴት ቦታ እንደሚከፋፈሉ በየምሽቱ የማየት ዕድል አገኘ (ፔዳል ስቲል እንደ ጠረጴዛ በእግር ላይ የሚቆም፣ ክሮቹ በእግርና በጉልበት መቆጣጠሪያ የሚወጠሩና የሚላሉ፣ ድምፁ የሚያለቅስ የሚመስል የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው)። እርሱ በተራው የተራራውን ሙዚቃ አስተማራት። በ1980 የወጣው «ሮዝስ ኢን ዘ ስኖው» የተሰኘ አልበሟ፣ በአብዛኛው በስካግስ ቅንብር ላይ የቆመ፣ ዶሊ ፓርተንና ጆኒ ካሽን የመሳሰሉ ታላላቅ ድምፆች ያጀቡት ሆኖ፣ ያለ ናሽቪል ኦርኬስትራ የተሠራ የብሉግራስ ቅኝት ያለው ሥራ ሬዲዮ ላይ ሊሰማና ሊሸጥ እንደሚችል አረጋገጠ።

ያ ዓመት «ኧርባን ካውቦይ» የተሰኘው ፊልም የካንትሪን መልክ ለከተማ ጭፈራ ቤት ያለሰለሰበት ዓመት በመሆኑ፣ ስካግስ ከኤፒክ አሳታሚ ጋር ሲዋዋል የመረጠው ጎዳና ከነፋሱ አቅጣጫ ተቃራኒ ነበር። ከሁሉ በላይ ያስጠበቀው ደግሞ አልበሞቹን ራሱ የማዘጋጀትን መብት ነው፤ በናሽቪል አሠራር ለአዲስ ዘፋኝ ዘፈኑንም አጃቢውንም የሚመርጥለት በአሳታሚው የተመደበ ፕሮዲዩሰር ስለነበር ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። በ1981 «ዌይቲን ፎር ዘ ሰን ቱ ሻይን» የተሰኘው አልበሙ ሲወጣ ፍላትና ስክራግስ ከተጫወቷቸው ዘፈኖች የተወሰዱ ሥራዎች በውስጡ ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ፣ «ክራይንግ ማይ ሃርት አውት ኦቨር ዩ»፣ በ1982 የካንትሪን የደረጃ ሰንጠረዥ በአንደኝነት መራ።

በእነዚህ ቅጂዎች ላይ የተሠራው ሥራ ምን እንደነበር በጥሞና ለሚያዳምጥ ሰው ግልጽ ነው። ማንዶሊኑ ይይዘው የነበረውን ሁለተኛና አራተኛ ምት ድራሙ ተረከበ፤ ማንዶሊኑም ከምት ጠባቂነት ነጻ ወጥቶ ዜማውን ያስጌጥ ጀመር። የእንግሊዙ ተወላጅ ሬይ ፍላክ በኤሌክትሪክ ጊታር የሚነዝራቸው ፈጣንና ደረቅ ድምፆች የባንጆን ጥድፊያ ሲያስታውሱ፣ ፔዳል ስቲሉ ፊድሉ ይሞላው የነበረውን ክፍተት ከፊድሉ ጋር ተጋራ። ያልተነካው ግን ድምፁ ነው፤ የቴነሩ ከፍታ፣ የሦስቱ ድምፆች መጋጠምና የቃላቱ ግልጽነት እንደ ስታንሊ ቤት እንዳለ ተቀመጠ። ለእነዚህ አጃቢ ድምፆች በ1981 ያገባት ሻሮን ኋይትና ቤተሰቧ፣ ዘ ኋይትስ የተሰኘው የቤተሰብ ባንድ፣ ቅርብ ነበሩ። አንድ አቀናባሪ መሣሪያውን ሁሉ እየቀየረ ሙዚቃው ማንነቱን እንዳያጣ ማድረግ ከቻለ፣ ከመሣሪያው ሥር ያለውን አጥንት አውቆታል ማለት ነው፤ ስካግስ በትክክል ይህን አደረገ፣ ከእርሱ በፊት ባንጆን እንደ ቅመም ጣል እያደረጉ ብሉግራስ ነክ ነው ካሉ ብዙ ቀረጻዎች የሚለየውም በዚህ ነው።

በ1983 አንደኛ የወጣው «ሃይዌይ 40 ብሉዝ» ላሪ ኮርድል የተባለ የልጅነት ጎረቤቱ የደረሰው ነው፤ ኮርድል በዚያን ጊዜ በሙያው ሒሳብ ሠራተኛ ነበር። በ1984 ደግሞ ሞንሮ ለአጎቱ መታሰቢያ የደረሰው «አንክል ፔን» በስካግስ ድምፅ አንደኛ ሆነ። በሮዚን መንደር ፊድል ሲጫወት ኖሮ በ1932 የሞተ አንድ ገበሬ በዚህ መንገድ ስሙ በመላ አሜሪካ በመኪና ሬዲዮዎች ተሰማ፣ ሰባዎቹን የተሻገረው ሞንሮም በደራሲነቱ ተጠቀመ። በ1985 የወጣው «ካንትሪ ቦይ» ምስል ላይ ሞንሮ ራሱ ብቅ ብሎ፣ በኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ውስጥ ከጭፈረኛ ወጣቶች ጋር ሲጨፍር ይታያል፤ ከአስተሳሰብ ግትርነቱ የተነሣ ይፈራ የነበረ ሰው ለተማሪው ሲል ይህን ማድረጉ ከማንኛውም የቃል ምስክርነት ይበልጣል። ስለ ገጠር ልጅነት የሚናገረው ያ ዘፈን የእንግሊዛዊው ጊታሪስት የአልበርት ሊና የባልደረቦቹ ድርሰት ነው።

የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር በ1982 የዓመቱ ምርጥ ወንድ ድምፃዊ፣ በ1985 ደግሞ የማኅበሩ ከፍተኛ ሽልማት በሆነው የዓመቱ ምርጥ የመድረክ ሰው ብሎ መረጠው፤ በ1982 የኦፕሪ አባል ሲሆንም በዕድሜ ከአባላቱ ሁሉ ትንሹ ነበር። የተራራውን ድምፅ ከሬዲዮ ያራቀውን አሠራር ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ቼት አትኪንስ ስካግስን የካንትሪ አዳኝ አድርጎ ማወደሱ በሰፊው ይወሳል። ኪት ዊትሊም ወደ ናሽቪል ተከትሎ የመጣ ሲሆን፣ በ1989 ባጭሩ እስኪቀጭ ድረስ ከዘመኑ ምርጥ የካንትሪ ድምፆች አንዱ ሆነ። እንደ ራንዲ ትራቪስና ድዋይት ዮአካም ያሉ ነባሩን ካንትሪ የሚወዱ ወጣቶች በ1986 ሲመጡ፣ በር የሚያንኳኩት ቀድሞ በተከፈተ ቤት ነበር።

ወደ ተራራው መመለስ

በ1989 «ላቪን ኦንሊ ሚ» አንደኛ ከወጣ በኋላ ስካግስ በሰንጠረዡ አናት ላይ ዳግመኛ አልታየም። የጋርዝ ብሩክስ ትውልድ ስታዲየም የሚሞላ ካንትሪ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ሬዲዮ ጣቢያዎችም አርባ ዓመት የተጠጋን ዘፋኝ ማጫወት ቀነሱ። በ1996 አባቱ ሆበርት አረፈ፤ በዚያው ዓመት መስከረም 9 ቀን ቢል ሞንሮ ሞተ። ስካግስ የመምህሩን ሙዚቃ እንደሚያስቀጥል ለሞንሮ ቃል ገብቶለት ስለነበር፣ በ1997 ስካግስ ፋሚሊ ሪከርድስ የተባለ የራሱን አሳታሚ አቋቁሞ «ብሉግራስ ሩልስ!» የተሰኘውን አልበም ከኬንታኪ ተንደር ባንዱ ጋር አሳተመ። ድራሙ ወጣ፣ ፔዳል ስቲሉ ወጣ፣ ማንዶሊኑም ወደ ምት ጠባቂነቱ ተመለሰ። አልበሙ በብሉግራስ ዘርፍ የግራሚ ሽልማት አገኘ፤ በ1999 የወጣው «ኤንሸንት ቶንስ»ም እንዲሁ።

ይህ መመለስ የሽንፈት ጉዞ ተደርጎ ሲተረክ ይሰማል፤ ገበያው ሲዘጋበት ወደ መጣበት ተመለሰ ይባላል። ተከታዩን ሥራ ላዳመጠ ግን ይህ አባባል አያጠግብም። የኬንታኪ ተንደር ቅጂዎች ከ1970ዎቹ ብሉግራስ በድምፅ ጥራት፣ በምት ጥብቅነትና በቅንብር ዝርዝር የላቁ ናቸው፤ ስካግስ ይህን ያገኘው በናሽቪል ስቱዲዮዎች ውስጥ ባሳለፋቸው ዓመታት ነው። ካንትሪን በብሉግራስ እንዳጠነከረው ሁሉ፣ ብሉግራስንም በካንትሪ የአሠራር ሥርዓት አጠነከረው። በ2000 «ኦ ብራዘር፣ ዌር አርት ዛው?» የተሰኘው ፊልም የተራራውን ሙዚቃ ለሚሊዮኖች ሲያደርስ፣ የድምፅ ትራኩ ላይ ራልፍ ስታንሊና ዘ ኋይትስ ነበሩበት፤ ሥራው በ2002 በግራሚ የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ሲመረጥም ለስካግስ የቤተሰብም የመምህርም ደስታ ነበር። በ2007 ከፒያኒስቱ ብሩስ ሆርንስቢ ጋር አልበም አወጣ፤ ፒያኖ ለብሉግራስ ከድራም ያላነሰ ባዕድ መሣሪያ ቢሆንም። በ2018 የካንትሪውም የብሉግራሱም የክብር አዳራሾች በአንድ ዓመት ውስጥ ስሙን መዘገቡ፣ ሁለቱም ወገኖች የእኛ ነው ለማለት እንዳላፈሩ የሚያሳይ ነው።

በምሥራቅ ኬንታኪ የሚያልፈው 23 ቁጥር አውራ ጎዳና የካንትሪ ሙዚቃ ጎዳና የሚል መጠሪያ የተሰጠው፣ ሎሬታ ሊንን፣ ስካግስን፣ ዮአካምንና ሌሎችንም ያፈሩ አውራጃዎች በዙሪያው ስለተደረደሩ ነው። የድንጋይ ከሰል ማዕድኑ ሲዳከም ወጣቶቹ አገር ለቀው የሚሄዱበት ጎዳናም ይኸው ነው። ከነዚህ አውራጃዎች አንዱ የሆነው ጆንሰን ያሳደገው ክሪስ ስቴፕልተን በ2015 ካንትሪን ከማነቃነቁ በፊት ስቲልድራይቨርስ የተባለ የብሉግራስ ባንድ ድምፃዊ ነበር። ስካግስ በተወለደበት በሎረንስ አውራጃ በ1991 የተወለደው ታይለር ቺልደርስ በካንትሪ ዘፈኖቹ ከታወቀ በኋላ በ2020 በአብዛኛው የፊድል ዜማ ብቻ የያዘ አልበም አወጣ። በዚያው ዓመት የጃክሰን ከተማው ስተርጂል ሲምፕሰን «ከቲን ግራስ» በሚል ስም ሁለት አልበሞች አሳትሞ፣ ቀደም ሲል በኤሌክትሪክ ጊታርና በነሐስ መሣሪያዎች የቀረጻቸውን የራሱን ዘፈኖች እንደገና በባንጆ፣ በፊድልና በማንዶሊን ተጫወታቸው፤ ማንዶሊኑን የያዘችውም ከስካግስ በኋላ በመጣው ትውልድ ከምርጦቹ አንዷ የሆነችው የቴነሲዋ ሲየራ ሃል ናት።